ሀረጎን ሳሎን ውስጥ ሰራሁት፣ ጋሼ ግን ገደል ገቡ

ጋሼ የእናቴ ወንድም ናቸው፣ 31 አመት ነድተዋል። መጀመሪያ ኢሱዙ፣ ከዛ ኤፍኤስአር፣ አሁን ደግሞ ተሳቢ፤ ከኮምቦልቻ ተነስተው ባቲ፣ ሚሌ፣ ጋላፊ እያሉ ጅቡቲ ወደብ ገብተው ይመለሳሉ። ሰው ገጭተው አያውቁም። እንደሳቸው አባባል ዶሮም ገጭተው አያውቁም፣ ዶሮዋን እንኳ ትንሽ እጠራጠራለሁ፣ ግን ሰፈሩ በሙሉ «ጋሼ መሪ ከያዙ ተኛ» ነው ሚለው። እና እኚህ ሰውዬ ባለፈው ክረምት ደሴ እኛ ሳሎን ውስጥ፣ ሽርጣቸውን እንዳገለደሙ፣ የፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ እኔ ኮምፒውተር ላይ በሰራሁት ሀረጎ ቁልቁለት (ከደሴ ኮምቦልቻ ሚያወርደው) ሶስተኛው ኩርባ ላይ ገደል ገቡ። አንዴ ቢሆን ጥሩ። አራቴ።

ከሳቸው ቀጥሎ የተቀመጠው ኢብሮ ነው፣ የአክስቴ ልጅ፣ 16 አመቱ፣ በህይወቱ ከባጃጅ በላይ ነድቶ አያውቅም (ባጃጁንም ተደብቆ ነው)፣ ፕሌስቴሽን ቤት ስንት ብር እንደጨረሰ ግን እሱና አላህ ናቸው ሚያውቁት። ኢብሮ ከደሴ ኮምቦልቻ እንደ ቅቤ ተንሸራቶ ወረደ፣ አንድ ጎማ እንኳ ከአስፓልት አልወጣበትም። ከዛ ዞር ብሎ «ጋሼ እስቲ መንጃ ፈቃዱን ወዲህ ይበሉ» አላቸው። እናቴ ቡና እያፈላች ነበር፣ ስትስቅ ረከቦቱን ልትደፋው።

እኔ ደግሞ ላፕቶፑን ይዤ ቁጥር እያነበብኩ ነበር። ኢብሮ ይሄን ያህል፣ ጋሼ ይሄን ያህል፣ በቃ ሳይንስ ተናገረ። ይሄን ምጽፈው ያን ቀን ይዤው የፎከርኩበት ቁጥር ምን እየለካ እንደነበር ራሴ ስላላወቅኩ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው የተጀመረው። እህቴ ከዱባይ ስትመጣ ያገለገለ ሎጂቴክ ጂ29 መሪ ይዛልኝ መጣች፣ 900 ዲግሪ ሚዞር፣ ሶስት ፔዳል ያለው፣ ኩርባ ላይ መሪው ራሱ እጅህን መልሶ ሚገፋ። እውነቱን ለመናገር ጌም ልጫወትበት ነበር። ግን ስራዬ ኮድ ነውና እጄ አያርፍም፣ ካርላ ሚባል በነጻ ሚገኝ ሲሙሌተር (መንዳትን ኮምፒውተር ላይ ሚያስመስል ፕሮግራም) አገኘሁ፣ እ.ኤ.አ በ2017 የወጣ ነው፣ በዋናነት የተሰራው ያለ ሾፌር ሚሄዱ መኪኖችን ለማሰልጠን ነው ግን ሰውም ይነዳበታል። ጥሩነቱ በፓይተን (የኮድ ቋንቋ ነው) እያዘዝክ ሁሉንም ነገር መቅዳት መቻልህ ነው፦ መኪናው መንገዱ ላይ የቱ ጋ እንዳለ፣ ፍጥነቱ፣ መሪው ስንት ዲግሪ እንደዞረ፣ ፍሬኑ በምን ያህል እንደተረገጠ። እኔ በሰከንድ 20 ጊዜ ነው ምቀዳው። ውስጡ ያለው የጭነት መኪና ለስላሳ ሚያመላልስ አይነት መኪና ነው፣ ጋሼ ገና ሲያዩት «እኔን የኮላ ሾፌር አደረግከኝ?» ብለው ተቆጥተዋል።

መንገዱን ደግሞ ከነጻ ካርታና ከሳተላይት የከፍታ ዳታ ሰራሁት። የከፍታው ነጥቦች 30 ሜትር 30 ሜትር የተራራቁ ናቸው፣ የካርታው የመንገድ ነጥቦችም የተራራቁ ናቸው፣ መሃሉን እኔ ነኝ በኮድ ያገናኘሁት (ይሄን ያዙልኝ፣ በኋላ እመለስበታለሁ)። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ 1,850 አካባቢ፣ ስለዚ 25 ኪሎ ሜትር በማይሞላ መንገድ 650 ሜትር ያህል ትወርዳለህ። ጉምም ጨመርኩበት። ሀረጎ ያለ ጉም ምኑን ሀረጎ ሆነ። ሶስት ስክሪን ተውሼ፣ መብራት ሁለቴ ሄዶብኝ፣ አንዴ ያልተቀመጠ ፋይል በልቶብኝ፣ በሶስት ሳምንት አለቀ።

መጀመሪያ የተፈተነችው እናቴ ናት፣ አምስት ደቂቃ ሳትሞላ አቅለሸለሻት። ይሄ የታወቀ ነገር ነው፣ አይን «እየዞርን ነው» ይላል፣ ጆሮ ውስጥ ያለው ሚዛን መጠበቂያ ደግሞ «ኧረ ቁጭ ብለናል» ይላል፣ ሁለቱ ሲጣሉ ጨጓራ ይከፍላል። ኩርባ ሲበዛ ይብሳል፣ እድሜ ሲገፋም ይብሳል፣ እኔ ደግሞ ለመጀመሪያ ሙከራ ሀረጎን መረጥኩ፣ ጎበዝ ነኝ። ሰዎች ለዚህ ብቻ ሚሆን መጠይቅ አላቸው፣ እ.ኤ.አ ከ1993 ጀምሮ በየላብራቶሪው ይሰራበታል፣ 16 ስሜቶችን እየቆጠረ ይጠይቅሃል፣ ራስ ምታት፣ ላብ፣ ማዞር ምናምን። ሚጠየቅበት ምክንያት ለሰውየው ከማዘን ባሻገር ነው፣ ያቅለሸለሸው ሰው አነዳዱን ይቀይራላ፣ ቶሎ ለመጨረስ ይሮጣል ወይ አንገቱን ማዞር ይተዋል፣ ስለዚ ምትለካው አነዳዱን ሳይሆን ሆዱን ይሆናል። እናቴ መጠይቅ አላስፈለጋትም። ሎሚዋን አሸተተች፣ ፌስታል ጠየቀች፣ በቃ ልክ እንደ ዱሮው የአዲስ አበባ አውቶብስ።

አሁን ወደ ቁጥሩ። ለነጂ መለኪያ በብዛት ሚጠቀሙት ኤስዲኤልፒ ሚባለውን ነው። ስሙ ያስፈራል እንጂ ነገሩ ቀላል ነው፦ መኪናህ በራሱ ረድፍ ውስጥ ግራና ቀኝ ምን ያህል ይዋዥቃል? በሳንቲሜትር ነው ሚወጣው። ረድፉ 3.5 ሜትር ቢሆንና የጭነት መኪናው 2.5 ሜትር ቢሰፋ፣ ልክ መሃል ላይ ሆነህ እንኳ በየጎኑ ሚተርፍህ 50 ሳንቲሜትር ነው፣ ክንድ ያህል። ስለዚ መዋዠቅህ ሲጨምር ያቺን ክንድ እየበላህ ነው።

ይሄን መለኪያ ያስለመዱት ሆላንዶች ናቸው፣ ያውም በሲሙሌተር ሳይሆን በእውነተኛ መንገድ። እ.ኤ.አ በ1980ዎቹ ሰው መድሃኒት ወስዶ ሲነዳ ምን እንደሚሆን ለማወቅ 100 ኪሎ ሜትር አውራ ጎዳና በሰአት 95 አካባቢ ያስነዱት ነበር፣ አንድ ሰአት ሙሉ፣ ጎኑ የራሱ ፍሬን ያለው አስተማሪ ተቀምጦ፣ መኪናው ላይ የመንገዱን ቀለም ሚያይ ካሜራ ተገጥሞ። ደሙ ውስጥ በሊትር ግማሽ ግራም አልኮል ያለበት ሰው መዋዠቁ በአማካይ 2.4 ሳንቲሜትር ይጨምራል። ሁለት ነጥብ አራት ሳንቲሜትር! የጣት ስፋት ናት፣ ከውጭ ቆመህ ብታይ አታያትም፣ ትራፊክም አያያትም፣ ግን እስከዛሬ መድሃኒት ሲፈተን እንደ መስመር ምትታየው እሷ ናት፣ ከሷ በላይ ካዋዠቀህ ጠጥተህ እንደነዳህ ነው ሚቆጠረው።

የኛ ሳሎን ውጤት ኢብሮ 24 ሳንቲሜትር፣ ጋሼ 43። (ጋሼ ገደል የገቡበትን አውጥቼ ነው፣ እሱን ብጨምረው ወደ ሜትር ሊገባ ነው።)

ጋሼ ምን አሉ? «ይሄ መኪና መቀመጫዬን አያወራኝም።» ሁላችንም ሳቅን። ግን ቆይቼ ሳስበው ሳይንሱን በአንድ አረፍተ ነገር ነው የተናገሩት። ሾፌር መኪናውን በአይኑ ብቻ አይደለም ሚነዳው፣ ጭነቱ ወደ የት እንዳጋደለ፣ ጎማው አስፓልት ለቆ ጠጠር እንደነካ፣ ሞተሩ እንደጨነቀው በወገቡና በእግሩ ነው ሚሰማው። የፕላስቲክ ወንበር ይሄን ከየት ያመጣል። አሜሪካ አዮዋ ዩኒቨርሲቲ ያለው ትልቁ ሲሙሌተር ሙሉ መኪና ክብ ጉልላት ውስጥ አስገብቶ 20 ሜትር በ20 ሜትር በሚሆን አዳራሽ ውስጥ ጉልላቱን ራሱን ሚያንሸራትተው ለዚህ ነው፣ ፍሬን ስትይዝ ሰውነትህ ወደ ፊት እንዲሄድ። እንቅስቃሴ ከሌለና ስክሪኑ ጠባብ ከሆነ ደግሞ ሰው ፍጥነቱ አይታወቀውም፣ ከሚሄደው ያነሰ ይመስለዋል፣ ስለዚ ሳያስበው ይፈጥናል። ጋሼ በእውነተኛው ሀረጎ ማይሞክሩትን ፍጥነት ሳሎን ውስጥ ሄደውበታል። እሺ፣ አንድ ሰበብ ተገኘላቸው ብዬ ተውኩት።

በነጋታው ማታ እንቅልፍ አጣሁና ዳታውን እንደገና ከፈትኩት፣ በዚህ ጊዜ ግን መዋዠቁን ትቼ ፍሬኑን አየሁ።

ኢብሮ ከላይ እስከ ታች ፍሬን ላይ ቆሞ ነው የወረደው። ቀልድ አይደለም፣ ከቁልቁለቱ ከግማሽ ሰአቱ አብዛኛውን እግሩ ፍሬን ላይ ነው። ጋሼ ደግሞ ከላይ ማርሽ ቀንሰው፣ ሞተሩ መኪናውን እንዲይዝላቸው አድርገው፣ ፍሬኑን ነካ ለቀቅ፣ ነካ ለቀቅ፣ ግራፉ ላይ እንደ ከበሮ ምት ይታያል። የኔ ሲሙሌተር ግን ፍሬን አይግልም! ሙቀት ሚባል ነገር ኮዱ ውስጥ የለም፣ ስለዚ ኢብሮን ሚቀጣው ነገር አልነበረም።

ለማወቅ ያህል በወረቀት አሰላሁት። 20 ቶን ሚመዝን መኪና 650 ሜትር ሲወርድ ሚለቀው ጉልበት ሁሉ ወደ ሙቀት ቢቀየር 390 ሊትር ገደማ ቀዝቃዛ የደሴ ውሃ ያፈላል። ሁለት በርሜል ውሃ በሉት። ያ ሁሉ እሳት የሆነ ቦታ መውጣት አለበት፣ ወይ በሞተሩ ወይ በፍሬን ሸራው። ማርሽ ቀንሰህ ከወረድክ ሞተሩ ብዙውን ይሸከምልሃል፣ ማርሽ ሳትቀንስ ፍሬን ላይ ተኝተህ ወይ ይባስ ብለህ ነዳጅ ለመቆጠብ በዜሮ ማርሽ ከወረድክ ሁለቱ በርሜል ፍሬኑ ላይ ይፈላል፣ ሸራው ይግላል፣ መያዝ ያቆማል፣ ከዛ ሬዲዮ ላይ «ፍሬን በጥሶ» ሚለውን ትሰማለህ። ፍሬኑ አብዛኛውን ጊዜ የተበጠሰ ነገር የለውም እኮ፣ ጋለ እንጂ። ጋሼ ይሄን በአፍንጫቸው ነው ሚያውቁት፣ «የሸራ ሽታ ከሸተተህ ዘግይተሃል» ይላሉ።

ስለዚ በመዋዠቅ ስለካ ኢብሮ አሸነፈ፣ በፍሬን ስለካ ኢብሮ ቦርከና ወንዝ ውስጥ ነው። ሁለቱም ቁጥር ከአንድ ጉዞ የወጣ ነው። እኔ የትኛውን ልይ ብዬ መረጥኩ እንጂ ዳታው ማንንም አላሸነፈም።

እዚህ ላይ ስለ ፍሬን አንድ ነገር ልጨምር፣ ትንሽ ከመንገዴ ያስወጣኛል ግን ደስ ስለሚለኝ ነው። መርሴዲስ በርሊን ውስጥ እ.ኤ.አ በ1985 የከፈቱት ትልቅ ሲሙሌተር ነበራቸው። እዛ ላይ ተራ ነጂዎችን አስቀምጠው ድንገተኛ አደጋ ሲያሳዩአቸው አብዛኛው ሰው ፍሬኑን በፍጥነት ይነካል ግን አጥብቆ አይረግጥም፣ ይፈራል መሰለኝ፣ ወይ ከለመደው ውጪ መርገጥ አይመጣለትም። ስለዚ መኪናው ራሱ «ይሄ ሰውዬ ደንግጧል» ብሎ ሙሉ ፍሬን እንዲይዝ አደረጉት፣ እ.ኤ.አ በ1996 መኪና ላይ ገባ። ይሄን በመንገድ ላይ እንዴት አድርገህ ታገኘዋለህ? መቶ ሰው እውነተኛ ህጻን ፊት አታስነዳማ። የሲሙሌተር ትልቁ ጥቅሙ እዚህ ጋ ነው፣ ማንም ሳይሞት ሰው ሊሞት ሲል ምን እንደሚያደርግ ታያለህ።

እኔም ድንገተኛ ነገር ላስገባ ብዬ አህያ አስገባሁ (የአህያ ሞዴል ከኢንተርኔት፣ ትንሽ ፈረስ ትመስላለች)። መንገድ ዳር ካለው ቤት ጀርባ ብቅ ትላለች፣ ብቅ ካለችበት ቅጽበት ነጂው እግሩን ከነዳጅ እስኪያነሳ ያለውን ጊዜ እቆጥራለሁ። በደንብ ሚጠብቅ ሰው ፍሬን እስኪነካ 0.7 ሰከንድ አካባቢ ይፈጅበታል፣ ሳይጠብቅ ድንገት ሲመጣበት 1.5 ሰከንድ አካባቢ ይደርሳል። በሰአት 60 እየሄድክ በ1.5 ሰከንድ 25 ሜትር ሄደሃል፣ ገና ፍሬን ሳትነካ። ችግሩ አህያዋ አንዴ ነው ምትሰራው፣ ሁለተኛ ጊዜ ሰውየው አህያ እየጠበቀ ነው ሚነዳው፣ ስለዚ ለአንድ ሰው አንድ አህያ ብቻ አለችህ፣ አታባክናት።

ኢብሮ 1.3 ሰከንድ። እኔ 1.6 (የሰራኋት እኔ ነኝ፣ መቼ እንደምትመጣ ግን በዘፈቀደ ነው)። ጋሼ ጋ ስንደርስ ኮዱ ስህተት አለ ብሎ ቆመ። ገብቼ ሳየው የጋሼ ውጤት ሲቀነስ 0.4 ሰከንድ ነው። ሲቀነስ! አህያዋ ሳትወጣ እግራቸውን አንስተዋል። ኮዴ ደግሞ ከዜሮ በታች የሆነውን ሁሉ እንደ ብልሽት እንዲጥል አዝዤው ነበር።

«ጋሼ እንዴት አወቁ?»

«እረኛው ቆሟላ።»

ለካ ለጌጥ ብዬ መንገዱ ዳር ያቆምኩት የሰው ሞዴል አለ፣ እኔ ረስቼዋለሁ። እረኛ ካለ ከብት አለ፣ ከብቱ ካልታየ ደግሞ ከቤቱ ጀርባ ነው። አለቀ። እንግሊዞች ይሄን ችሎታ ለመፈተን እ.ኤ.አ ከ2002 ጀምሮ የመንጃ ፈቃድ ፈተናቸው ላይ ቪዲዮ እያሳዩ አደጋ ሊመጣ ሲል ቀድመህ እንድትጫን ያደርጉሃል። እኔ መንጃ ፈቃድ ስወስድ የተፈተንኩት ቆርቆሮ ሳልነካ ወደ ኋላ መግባት ነው፣ በርግጥ እሱም ይጠቅማል፣ ቆርቆሮ ግን ከቤት ጀርባ ብቅ አይልም።

ከዚህ በኋላ ነው ቁጭ ብዬ በደንብ ያነበብኩት። ሲሙሌተር ሚሰሩ ሰዎች ሁለት ነገር ይለያሉ። አንደኛው ሲሙሌተሩ ላይ የወጣው ቁጥር መንገድ ላይ ካለው ቁጥር ጋ እኩል ነው ወይ ሚለው ነው፣ ይሄ ብዙ ጊዜ አይሳካም፣ ሲሙሌተር ላይ ሰው የበለጠ ይዋዥቃል፣ የበለጠ ይፈጥናል። ሁለተኛው ደግሞ ለውጡ ወደ አንድ አቅጣጫ ነው ወይ ሚለው ነው፣ መንገድ ላይ ሚያባብስህ ነገር ሲሙሌተር ላይም ያባብስሃል ወይ። ይሄኛው ነው ሚይዘው። ስለዚ «ጋሼ 43» ሚለው ብቻውን ባዶ ነው፣ ከምን አንጻር 43? ዋጋ ሚኖረው ጋሼን ከጋሼ ጋ ስታወዳድር ነው።

ትልልቆቹ ጥናቶች እኮ እንደዛ ናቸው። ዩታ ዩኒቨርሲቲ እነ ስትሬየር እ.ኤ.አ በ2006 ያሳተሙት አለ፣ 40 ሰው፣ ያው ሰው አንዴ ዝም ብሎ፣ አንዴ ስልክ እያወራ፣ አንዴ ጠጥቶ እንዲነዳ አደረጉ። የጠጣው ኃይለኛ ይሆናል፣ ፊቱ ያለው መኪና ጭራ ላይ ይለጠፋል፣ ፍሬንም በኃይል ይረግጣል። ስልክ ሚያወራው ደግሞ ፈዛዛ ይሆናል፣ ፍሬን ለመያዝ ይዘገያል፣ ከፊት ያለውን መኪና ከኋላ የገጩት ሶስቱም ስልክ ሲያወሩ የነበሩ ናቸው፣ ሲጠጡ የገጨ አልነበረም። በጆሮ ማዳመጫ ማውራትና ስልኩን በእጅ መያዝም ልዩነት አላመጣም፣ ችግሩ እጅህ ሳይሆን ሀሳብህ ነው ማለት ነው። «እኔ ኢርፎን አለኝ» ምትሉ የሚኒባስ ሾፌሮች ሰምታችኋል? መድሃኒት ላይም እንደዛው፣ ዞልፒደም ሚባል የእንቅልፍ ኪኒን አለ፣ አሜሪካኖቹ እ.ኤ.አ በ2013 ለሴቶች ሚሰጠውን ከ10 ሚሊግራም ወደ 5 እንዲወርድ አደረጉ፣ አንዱ ምክንያታቸው ጠዋት ላይ ደማቸው ውስጥ ሚቀረው መጠን መንዳት እንደሚያዳክም በሲሙሌተር መታየቱ ነው። ሴትየዋ እኮ በደንብ ነቅቻለሁ ብላ ነው መሪ ምትይዘው።

ይሄ «ነቅቻለሁ» ሚለው ነገር ነው ጋሼን እንደገና ያስቀመጠኝ።

ለአረፋ እረፍት ላይ ሳሉ መጀመሪያ ሶስት ቀን አለማመድኳቸው፣ ልምምዱ አይመዘገብም። ለዚህኛው ሀረጎን ተውኩት፣ ኩርባ ላይ ሰው አስቦም መንገዱን ለማሳጠር ከረድፉ መሃል ይወጣል ስለዚ የመዋዠቅን ቁጥር ያበላሻል፣ ይልቅ ከሚሌ ወዲያ ያለውን አይነት ቀጥ ያለ፣ ደረቅ፣ አሰልቺ መንገድ ሰራሁ፣ 40 ደቂቃ፣ በሰአት 80። የተኙና የጠገቡ ጋሼ 29 ሳንቲሜትር ወጡ። መሪውን ስታየው ሁሌ ትንሽ ትንሽ ይነካካል፣ ያ ነው የነቃ ሰው ምልክት፣ የነቃ ሰው መሪ አያርፍም።

ከዛ ከሶስት ሳምንት በኋላ ከጅቡቲ ተመለሱ፣ ሌሊቱን ሲነዱ አድረው ከንጋቱ 12 ሰአት ላይ ደሴ ገቡ። አይናቸው ቀልቷል። እናቴ «ተኙ እንጂ» ስትል «ወላሂ አልደከመኝም» አሉ፣ እኔም ይሄን ነበር ምጠብቀው፣ አስር ደቂቃ ነው ብዬ ዋሸሁና አስቀመጥኳቸው። 46 ሳንቲሜትር። ያው ሰው፣ ያው ወንበር፣ ያው መንገድ። ደሞ 27ኛው ደቂቃ ላይ መሪው ጸጥ ይላል፣ ግራፉ ላይ ቀጥ ያለ መስመር፣ አራት ሰከንድ ገደማ፣ መኪናው ቀስ እያለ ወደ ግራ ወደሚመጣው ረድፍ ይሄዳል፣ ከዛ ድንገት መሪው ወደ ቀኝ ይመነጨቃል። በሰአት 80 አራት ሰከንድ ማለት 89 ሜትር ነው።

«አይኔን አልጨፈንኩም» አሉ። እውነታቸውን ነው፣ እኔም ጎናቸው ሆኜ አይናቸውን አይቻለሁ፣ ክፍት ነበር። ግራፉን አሳየኋቸው። መስመሯን በጣታቸው ሄዱባት፣ ወደ ኋላ ተመልሰው ደግመው ሄዱባት። ከዛ ምንም ሳይሉ ገብተው ተኙ፣ እስከ ዙሁር አልተነሱም። ሲነሱ ቡና ላይ «ሚሌ ጋ ስንቴ እንዲህ ሆኜ ይሆን» አሉ፣ ለማንም ሳይሆን ለስኒው።

ይሄን ወሬ የሆነ ሰው ኮምቦልቻ አደረሰው። መኪኖች ያሉት አንድ ሰውዬ ደወለልኝ፣ «ሾፌሮቼን በሙሉ በዛ ማሽን ለካልኝ፣ በቁጥር ደርድርልኝ፣ የመጨረሻዎቹን ላሰናብት።» ብሩም ደህና ብር ነበር አልዋሽም። እንዴት ብዬ ልንገረው፣ ብደረድራቸው አንደኛ ሚወጣው ኢብሮ ነው፣ ፍሬን ላይ ቆሞ ሚወርደው ኢብሮ! የመጨረሻ ሚሆኑት ደግሞ አንቱ ምትላቸው ሽማግሌዎች ናቸው፣ ስክሪን ስላልለመዱ። «ሾፌሮችህን ልደረድርልህ አልችልም፣ ግን ስንት ሰአት ነድተው ስንት ሰአት እንደሚተኙ ንገረኝ፣ መቼ እንደሚወድቁ አሳይሃለሁ» አልኩት። አልተስማማንም። እቃው በሰአቱ እስከደረሰ ድረስ የሰአቱ ነገር እሱን አይመለከተውማ።

አሁን ወደ ሶስተኛው ኩርባ፣ ያዙልኝ ያልኩት።

ጋሼ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ «ይሄ ኩርባ እንዲህ አይደለም» ይሉ ነበር፣ አራቴም የገቡት እዛው ነው፣ ሌላ ቦታ አንድም። እኔ ሰበብ ነው ብዬ አልሰማሁም። ባለፈው ሳምንት ኮምቦልቻ ስወርድ ስልኬን ጂፒኤስ አብርቼ ያዝኩና ማታ ከኔ መንገድ ጋ ደራረብኩት። የኔ ኩርባ ከእውነተኛው ቀድሞ ይጠባል። የካርታው ነጥቦች ሲራራቁ ኮዴ መሃሉን በራሱ ፈቃድ አጥፎታል። ኢብሮ ለምን አለፈው? እሱ ሀረጎን አያውቀውም፣ ስክሪኑ ያሳየውን ነው የነዳው። ጋሼ ግን ስክሪኑን አይደለም የነዱት፣ ጉም ውስጥ ስለነበርን እጃቸው የሚያውቀውን እውነተኛውን ሀረጎ ነድተው፣ የኔ መንገድ እዛ ቦታ ላይ ስላልነበረ ገደል ገቡ።

ሄጄ ነገርኳቸው። ይሳለቁብኛል ብዬ ነበር፣ ጭራሽ አልሳቁም።

«አራተኛውም ኩርባ ትንሽ ይቀረዋል» አሉ። «እሁድ ባዶ ነኝ፣ ሜትር ያዝና ና።»